አንቀጽ አሥራ አንድና የአባባ ጎጆ ክዳን

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ እኅቴ ለእትዬ ብርሀንነሽ ቢተው፣
ድሬዳዋ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎ ጉልበት ለቀቀዎት ወይስ እንደ ልማዱ አለ? የድሬዳዋ ሙቀት በዚህ ወር እንዴት እንደሚያደርግዎ እያሰብሁ እዚህ በብርድ ጋቢዬን እደርባለሁ። ባለቤትዎ አቶ ንጉሡስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ባቡሩ ሲጮኽ አሁንም ከመኝታቸው ብድግ ይላሉ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ የመንጋጋ ጥርስ ብቻ አስነቅያለሁ፤ ነቃዩ ደህናውን ሊነቅል ሲል እጁን ይዤ አስቆምሁትና የታመመውን አሳየሁት። ከዚያና ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለኝ የለም።

አገሩም ካለፈው ዓመት እጅግ ይሻላል። ያ የራብ ዓመት ከሰፈራችን ማንን ማንን እንደ ወሰደ ጽፌልዎታለሁና አልደግመውም። ዘንድሮ በልጉ ስለ ጣለ ገብሱ ቆሟል፤ ከሞት የተረፈችው ላምም ወተት ጀምራለች። ሰው ሲስቅ ይሰማል። ሹማምንቱ ደግሞ ራዲዮኑ ስለ አዲሱ ካቢኔ ማውራት ከጀመረ ወዲህ ትሕትና ተምረዋል። ዐምና «በወረዳችን ችግር የለም» ብሎ ማመልከቻዬን የመለሰልኝ ሹም ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ከበቅሎው ወርዶ እንደምን አደሩ አለኝ። «ከዚች በቅሎ ለመውረድ አንድ ዓመት ፈጀብዎ» ብዬው አለፍሁ። «አፍህን ያዝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

የግንቦት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ሊያስቀጥሉ ማሰብዎን፣ ግንበኛውም አንደበቱ ከመጠን ያለፈ ጣፋጭ ስለ ሆነ መፍራትዎን ተረድቻለሁ። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከግንበኛ ጋር ስትጣላ የኖርህ ሰው ነህ፤ እስኪ ያንን ቁጣህን ውል አድርገህ ጻፍና ላክልኝ» ያሉት ሦስት ቀን አስቆኛል። ይኸው ውሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬያለሁ። ሠላሳ ሁለት አንቀጽ ይጠብቁ እንደ ነበር ይገባኛል፤ የላክሁት ግን አንድ ገጽ ነው። የዛሬ አራት ወር ጠይቀውኝ ቢሆን ሠላሳ ሁለቱንም ልኬልዎ ነበር፤ ግንበኛዎንም እርስዎንም አንድ ላይ አጠፋችሁ ነበር። ለምን እንዳጠረ ልንገርዎ። በዚሁ ነገር እርስዎን የበደልሁበት ጉዳይ አለ። የአባባን ጎጆ ይመለከታል። መጨረሻው ላይ ይቅርታዎንና ፊርማዎን እጠይቃለሁ። የሚቆጡ ከሆነ አንብበው ጨርሰው ይቆጡ።

በየካቲት መጨረሻ ከደሴ ወረቀት መጣልን። መጋዘን ያለው ከተማ የእርዳታ እህል ይላክለታል፤ የሌለው ሰዉን አቀስታ ድረስ ልኮ ያስቀብል ይላል። አቀስታ ለጤነኛ እግር እንኳ የቀናት መንገድ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። ተርቦ የከረመ ሰው ሄዶ፣ እህል ተሸክሞ ሊመለስ ነው! ይህን የጻፈው ሰው ካርታ እንኳ አይቶ እንደማያውቅ በደብዳቤ ነገርሁት፤ መልስ አልሰጠኝም። ክረምቱ ከገባ ደግሞ መኪና ጭቃውን አያልፍም። ስለዚህ መጋዘኑ ከሰኔ ዐሥር በፊት ማለቅ ነበረበት። ካላለቀ እህሉ አቀስታ ይቀራል፤ እኛም ክረምቱን በባዶ እጅ እንገባለን።

ከተማው ተሰብስቦ ኮሚቴ መረጠ። ሰብሳቢው አቶ ካሳ ሆነ፤ ያ ልጅ ሳለ ከጓሯችን የባቄላ እሸት ሲሰርቅ በጆሮው የያዙት ካሳ ነው። ዛሬ ባለ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ ጆሮው ግን ያው ነው። እኔን ውል አርቃቂና የሥራ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ጉትቻዎን ሸጠው አዲስ አበባ የላኩኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስገቡኝ፣ ከዚያም አሥራ ስምንት ዓመት የመንግሥት ሕንፃ ውል ሳረቅ የኖርሁት ለዚህ ቀን መስሎ ታየኝ። ሰባት ቀን ተቀምጬ ሠላሳ ሁለት አንቀጽ ጻፍሁ። ጊዜው ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በስርቆት የሚጠረጥርበት ስለ ሆነ ኮሚቴው አንድ ሚስማር እንኳ እንዳይነካ፣ ከደሴ ከሚላከው ቆርቆሮ በቀር ዕቃው በሙሉ በሠሪው እንዲቀርብ አደረግሁ።

ሠሪው ጀብሪል ነው። እርስዎ ከዚህ ሲሄዱ ጭቃ አቀባይ ነበር፤ ዛሬ ከወረኢሉ ወዲህ የሱ እጅ ያላረፈበት ደህና ቤት ጥቂት ነው። ፊደል ስላልቆጠረ ውሉን በአቶ ካሳ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ጥዋት ሙሉ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። በያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ «ኢንሻ አላህ» ይለኛል። «ጀብሪል፣ በሕግ ኢንሻ አላህ የሚባል ነገር የለም። እስማማለሁ ወይም አልስማማም በል» አልሁት። «እኔማ ተስማምቻለሁ ጋሼ፤ እሱ እንዲስማማ ነው የምለምነው» አለ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ኢንሻ አላህ ውል ውስጥ እንደማይጻፍ አስረድቼ ቀጠልሁ።

አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ግን ጀብሪል ዝም አለ። አንቀጹ የግድግዳው ጭቃ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሳይቦካ ለምርጊት እንዳይውል፣ ጭዱንም ሠሪው እንዲያቀርብ ያዛል። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ልጅም ያውቃል። «ጋሼ፣ ጭዱ የግድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እዚህ የተጻፈው ሁሉ የግድ ነው» አልሁት። አውራ ጣቱን ቀለም ነከረና ወረቀቱን ጥቂት አየት አድርጎ አሳረፈው።

ሥራው ማለፊያ ነበር፤ ይህን ስል ከኔ አፍ መሆኑን ያስቡልኝ። መሠረቱን ወርጄ ለካሁት፤ ልክ ነው። ቋሚዎቹ ቀጥ ማለታቸውን ቱምቢ ጥዬ አየሁ፤ አንዱም አላዘመመም። ሠራተኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ቱምቢው መጣ!» ይባባላሉ። ቱምቢ የማይዋሽ ዕቃ ስለ ሆነ ስድብ አልመሰለኝም። በግንቦት አጋማሽ ቆርቆሮው ተመታ። ምርጊት ብቻ ቀረ።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ጥዋት ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ስጠጋ ምርጊቱ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር አየሁ። በጥፍሬ ፈልቅቄ አሸተትሁት፤ ጭስ ጭስ ይላል። «ይኸ ምንድን ነው?» አልሁት ጀብሪልን። «ጭድ ነው ጋሼ።» «የምን ጭድ?» «የጤፍ።» «የጤፍ ጭድ እንዲህ ይጠቁራል?» «ሲቆይ ይጠቁራል» አለኝና ፊቱን ወደ ጭቃው መለሰ። ከአንድ በረት የተጠረገ ቆሻሻ በእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሊያታልለኝ ነው ብዬ ጮኽሁ። እንዴት እንደ ጮኽሁ አልነግርዎትም፤ ገበያው ድረስ ተሰምቷል። እዚያው ቆሜ የሥራ ማስቆሚያ ጻፍሁ፤ የተመረገውም ተፍቆ እንዲወርድ አዘዝሁ። ጀብሪል «ይፋቅ ካሉ ይፋቃል» አለና መፋቂያ አስመጣ።

አቶ ካሳ ሮጦ መጣ። «አያ አሻግሬ፣ ሰውዬው እኮ ጀብሪል ነው! ሌባ አይደለም» አለኝ። «ውል ሰው አያውቅም» አልሁት። ይህችን ቃሌን ይያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሲነጋ መጋዘኑ ዘንድ ስደርስ የጀብሪል ሚስት ወርቂቱ የራሰ አጎዛ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማ ጠበቀችኝ። «አንቱ ጋሼ! ጭዱ ጠቆረ ብለዋል አሉ» አለችኝ። «ጠቁሯል» አልኋት። «እንዴት አይጠቁር! አሥራ ሁለት ዓመት የምድጃዬን ጭስ ሲጠጣ የኖረ ክዳን ነው። ነጭ ከፈለጉ ነጭ ጭስ የሚያጨስ እንጨት ይፈልጉልኝ ነበር።» የምትለው አልገባኝም። «ሜትርዎን ይዘው ይምጡና ይለኩት» አለችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ተከተልኋት።

እትዬ፣ የቤቱ ክዳን ከግማሽ በላይ የለም። ጣሪያው እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ሰማይ ይታያል። ፍየሏ ቤት ውስጥ ቆማ ሽቅብ ታያለች። ልጆቹ ክዳን በቀረበት ጥግ እንስራ ተደግፈው ተኮልኩለዋል። ወርቂቱ ሌሊት ዝናቡ የሞላላትን ድስት አንሥታ አሳየችኝና «ይመስገኑ፣ ምንጭ ወርዶ ውኃ ከመቅዳት ገላግለውኛል» አለችኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ደርሶኝ አያውቅም።

ጀብሪልን ጠራሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለጭድ ወረኢሉ ወርዷል፣ አቀስታ ወጥቷል። ሁለት ዓመት አዝመራ ባልነበረበት አገር የጤፍ ጭድ ከየት ይመጣል? ጥቂት ያለውም ሰው ለቀረለት አንድ በሬው ነው የያዘው። «ከበሬ አፍ ነጥቄ ግድግዳ ላበላ ነው?» አለኝ። ቤቱ ሲከደን ሣርና የጤፍ አገዳ ተደባልቆ ነበርና አገዳውን እየለየ አወረደው። «ለምን አትነግረኝም?» ብዬ ጮኽሁበት። «ጠይቄ ነበር ጋሼ። የተጻፈው ሁሉ የግድ ነው አሉኝ። እኔም ጣቴን አኑሬያለሁ።» ቤቱንስ በምን ሊከድን ኖሯል? በሣር፤ ሣሩ የሚታጨደው ግን በኅዳር ነው። ክረምቱን እንዴት ሊያልፍ እንዳሰበ ስጠይቀው «እሱ ያውቃል» አለ። እኔ ከውሉ አውጥቼ የጣልሁትን እሱን ማለቱ ነው።

መፋቁን አስቁሜ ቤቴ ገባሁ። ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ። ሳጥኔን ከፍቼ የድሮ ወረቀቶቼን አገላበጥሁ። አንቀጽ አሥራ አንድን ቃል በቃል የገለበጥሁት አዲስ አበባ ሳለሁ በጥጋብ ዘመን ለአንድ ትምህርት ቤት ከጻፍሁት ውል ነበር። ያን ጊዜ ጭድ ገበያ ወጥቶ በአህያ የሚጫን ነገር ነው። የገለበጥሁት ደግሞ በየመንገዱ ሬሳ ከተነሣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ተቀምጬ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሰው ዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲደርስ ግዴታ ያለበት ሰው እንደማይጠየቅ በግልጽ ይናገራል። ይህን ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ለሌላ ሰው ስጠቅስ ኖሬያለሁ። ጀብሪል ግን ሕጉን አያነብም፤ የሚያውቀው እኔ ያነበብሁለትን ነው።

በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ አንቀጽ አሥራ አንድም እንዲሻሻል ጠየቅሁ። ካሳ ይህን ቀን ከእሸቱ ጊዜ ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል መሰለኝ፣ «አያ አሻግሬ፣ ውል ሰው አያውቅም ብለውኝ አልነበር? ማን አስተዋወቃቸው?» አለኝ። «ወርቂቱ» አልሁት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህኛው እኔም ሳቅሁ። በጭድ ፋንታ ምን ይግባ ሲባል ጀብሪል አባቱ የሠራው መስጊድ በፍየል ጠጉር ተመርጎ አርባ ዓመት መቆሙን ተናገረ። ሄጄ አየሁት፤ ስንጥቅ ብፈልግ አጣሁ። ዐምና ካለቀው በግና ፍየል ጠጉሩ በየቤቱ ቀርቶ ነበርና ሴቶቹ በቅርጫት አመጡት። እኔ ሥራ በማስቆሜ የጠፋው ሁለት ቀንም በአሠሪው ጥፋት ስለ ሆነ ለጀብሪል እንዲታሰብለት አጻፍሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ልኩ እሱ ነው።

አሁን በደሌን ልናገር። የጀብሪል ቤት ሊከደን ሣር የለም፤ ክረምት ቆሞ ያያል። ከቤቴ በር ወጥቼ ስቆም ደጃፌ ላይ የአባባ ጎጆ አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጓሳ ሣር ያስከደንነው፣ በከተማው እንደሱ ያለ ክዳን የሌለው፣ ሰው የማይኖርበት ጎጆ። «የአባባን ጎጆ አደራ፣ ማንም እንዳይነካው» ያሉኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቤቱ ደግሞ በውርስ የሁለታችን ነው። የጋራ ንብረት ያለ ተካፋይ ፈቃድ እንደማይነካ ለስንቱ ሰው አስተምሬያለሁ። ደብዳቤ ልኬ መልስዎን ልጠብቅ ብል ክረምቱ እኛን አይጠብቅም።

ክዳኑን አወረድሁት፣ እትዬ።

ጀብሪል መጀመሪያ እንቢ አለኝ። «የሙት ቤት ገፍፌ ቤቴን አልከድንም» አለ። «እኔስ የሕያው ቤት አስገፍፌ መጋዘን አላስመረግሁም?» አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ውል ይጻፍ። ያለ ውል አንድ እስር አልቀበልም።» እሑድ ከቅዳሴ መልስ ክርስቲያኑም እስላሙም ጅጌ ወጥቶ ሣሩን በአንድ ቀን አጓጓዘው፤ በሁለተኛው ቀን ቤቱ ተከደነ። እኔም በትከሻዬ ተሸክሜያለሁ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። የአባባን ኮርቻና ጋሻ ወደ ቤቴ አስገብቻለሁ። ኮርቻው በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያደናቅፈኛል፤ ልክ እንደ ባለቤቱ።

መጋዘኑ በታሰበለት ሁለት ቀን ውስጥ፣ ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ አለቀ፤ መንገዱም ገና አልጨቀየም ነበር። ሰኔ አሥራ አራት ቀን ሦስት መኪና እህል ገባ። ያ በቅሎ ጋላቢ ሹም ሪባን ሊቆርጥ መቀስ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ካሳ «በሩን የሠራው ይክፈተው» አለና ጀብሪል ከፈተው። የምሥራቁን ግድግዳ ጥቁር ምርጊት ሳይፋቅ የተረፈውን እንዳለ አስቀርቼዋለሁ። ሲያልፉበት የወርቂቱ ምድጃ ይሸታል።

ስለ እርስዎ ውል ጥቂት ልጨምር። መሠረቱ ምን ያህል ይውረድ፣ ዕቃው በማን ይቅረብ፣ ሥራው መቼ ይለቅ፣ ሦስቱ ተጽፈዋል። ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሥራ የቆመበት ቀን በግንበኛው አይቆጠርበትም የሚል አግብቻለሁ፤ የናንተን ጎርፍ አውቀዋለሁና። ቤቱ ቢሰነጠቅ ወይም ቢያዘምም ግንበኛው እስከ ዐሥር ዓመት እንደሚጠየቅ ሕጉ ይደነግጋል፤ እሱን በደማቁ ይንገሩት፤ ጣፋጭ አንደበቱን ትንሽ ያደርቀዋል። ከመፈረሙ በፊት ግን ውሉን ያንብቡለትና «ከዚህ ውስጥ የማትችለው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁት። ምንም የለም ካለዎት አይመኑት። ይቀመጡና ሁለተኛ ይጠይቁት። ዝም ያለበትን ቦታ ይያዙ። ይህን ጥያቄ ለጀብሪል ሳልጠይቀው ነው ሠላሳ ሁለት አንቀጽ ያነበብሁለት።

ሌላ ወረቀትም አብሮ አለ። እሱ ከጀብሪል ጋር የተጻፈው ውል ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «እኔ ጀብሪል በመጪው ኅዳር ጓሳ ሲታጨድ የአቶ ቢተውን ጎጆ እንደ ነበረ አድርጌ እከድናለሁ» ይላል። ሳነብለት «ኢንሻ አላህስ?» አለኝ። ብዕሬን ቀለም ነከርሁ። ከዚያ ጻፍሁት። የቱ ጋ እንዳለ በጣትዎ ያሳዩኝ አለኝ፤ አሳየሁት፤ አውራ ጣቱን እዚያው ቃል ጎን አሳረፈ። እኔ ከሥሩ ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ ጎን የተውሁት ባዶ ቦታ የእርስዎ ነው። ካልወደዱት ባዶውን ይመልሱልኝ፤ ጥፋቴን እቀበላለሁ። ከወደዱት ግን ፈርመው ይላኩልኝ፤ በኅዳር ቆሜ ቱምቢ እጥልበታለሁ።

ለአቶ ንጉሡ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላም ይበሉልኝ፤ ወገቤ ስለ ታመመ አሁን ቀላል ነው። ለልጅዎ ለያለው በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ሒሳቡንም ከእጅ ጽሕፈቱ የተሻለ እንዲያደርገው ይንገሩልኝ፤ የላከልኝን ደብዳቤ በሦስት ቀን ነው ያነበብሁት። እኅቱን ፈንታዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለቦጋለች፣ ቤታችሁን ለምታቀናው፣ ጤና ይስጥልኝ ይበሏት። ካሳም ሰላም ብሏል፤ ጆሮውን ይዞ ነው ያለው። ጀብሪል ዱዓ አድርጎልዎታል። ወርቂቱ ደግሞ «ለእኅትዎ ይጻፉልኝ፤ ክዳን ሰጥተው ውኃ መቅዳቱን መልሰውብኛል፤ ይኸው እንስራ ተሸክሜ ቁልቁል እየወረድሁ ነው» ብላለች፤ እንዳለችው ጽፌያለሁ።

ታዛዥ ወንድምዎ
አሻግሬ ቢተው

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 18 ቀን 1966 ዓ.ም.